ላስ ቬጋስ፦ ካርታ ሳንነካ የተበላንበት ከተማ

ላስ ቬጋስ እንሂድ ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ መልሴን መጀመሪያ ላይ ላስቀምጠው። ከተማውን ለማየት ከሆነ ሂዱ። ስትሪፕ በሚባለው ዋናው የካሲኖ ጎዳና ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ለማደር ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ያዙ። በተለይ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እናት ወይም አባት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

እኛ የሄድነው እህቴ ስለፈለገች ነው። ከእማዬ ጋር ከአዲስ አበባ መጥተው ቨርጂኒያ እኔ ጋ ከርመዋል። ዋሽንግተንን አሳየኋቸው፣ ኒውዮርክ ወሰድኳቸው። እህቴ ግን "ቬጋስን ሳላይ ብመለስ አሜሪካ ነበርኩ ብል ማን ያምነኛል?" አለች። ስልኳ ላይ የምታየው ቪዲዮ ሁሉ እዚያ የተቀረጸ ነው። በሙዚቃ የሚደንሰው ውሃ፣ መብራቱ፣ ያ ትልቁ ክብ ሕንፃ። እኔም ደስ ብሎኝ ነው ያስያዝኩት። ስንት ሌሊት ቁጭ ብዬ ሆቴሎችን ሳወዳድር እንዳመሸሁ ባለቤቴ ያውቃል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ካሲኖ ገብቶ ገንዘብ መበላት ለኔ ቅሬታ አይሆንም። ቁማር ቁማር ነው፣ ቤቱ እንደሚያሸንፍ እያወቅን ነው የምንገባው። ያናደደኝ ሌላ ነው። ድሮ ቬጋስ እንግዳውን የሚያስተናግደው በቁማሩ ትርፍ ነበር። ክፍሉ ርካሽ ነበር፣ ምግቡ ርካሽ ነበር፣ መኪና ማቆም በነጻ ነበር፣ ምክንያቱም ሰውየው በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ መቀመጡ አይቀርም። አሁን ክፍሉም፣ ምግቡም፣ ፓርኪንጉም እያንዳንዳቸው እንዲያተርፉ ይፈለጋል፣ ቁማሩ ራሱ ደግሞ ለተጫዋቹ ከድሮው የባሰ ሆኗል። ከሁለቱም ወገን ይወስዱባችኋል። እንግዳ ነን ብላችሁ ትገባላችሁ፣ እንደ እንግዳ የሚያይ ሰው ግን ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት።

ከክፍሉ ልጀምር። በሳምንቱ መሀል የስትሪፕ ሆቴል ዋጋ ሲታይ ያጓጓል። 45 ዶላር፣ 60 ዶላር የሚል ታያላችሁ። ከዚያ ሪዞርት ፊ የሚሉት የግዴታ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣል። አብዛኞቹ ትልልቅ ሆቴሎች ለአንድ ሌሊት ከ40 እስከ 55 ዶላር አካባቢ ያስከፍላሉ። በድምሩ ላይ ደግሞ ወደ 13 በመቶ የሚሆን ታክስ አለ። ስለዚህ የ45 ዶላሩ ክፍል 50 ዶላር ሪዞርት ፊ ሲጨመርበትና ታክሱ ሲታሰብ 107 ዶላር ይደርሳል። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ይሄ ገንዘብ የምንድን ነው ስትሏቸው የዋይፋይ ነው፣ የጂም ነው፣ የከተማ ውስጥ ስልክ ነው ይላሉ። እማዬ ጂም አትገባም። የክፍሉን ስልክ ያነሳነው ሪሴፕሽን ለመጥራት ብቻ ነው። አልፈልገውም ብሎ መተው ግን አይቻልም።

እውነቱን ለመናገር አንድ የተሻሻለ ነገር አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣው ደንብ ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ስለዋለ ሆቴሎች ግዴታ የሆነውን ክፍያ ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ደምረው ማሳየት አለባቸው። እኔም ሳስይዝ ድምሩን አይቻለሁ። ደንቡ ግን ክፍያው በግልጽ ይታይ አለ እንጂ አይከፈል አላለም። ደግሞም የሚመለከተው ግዴታ የሆነውን ብቻ ነው። ፓርኪንግ፣ ከሰዓቱ በፊት መግባት፣ ፍሪጅ፣ ቡና፣ እነዚህ "በምርጫ" የሚባሉ ስለሆኑ እዚያ ድምር ውስጥ የሉም። እናት ይዞ የሄደ ሰው ግን በብዙዎቹ ላይ ምርጫ የለውም።

በጠዋት በረራ ነው የደረስነው። ክፍሉ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው፣ እሱ የትም አገር ያለ ነው። ቀደም ብሎ ለመግባት ተጨማሪ ክፍያ ጠየቁን። እማዬ ከሌሊቱ ጀምሮ መንገድ ላይ ስለነበረች ከፈልን። ከዚያ ካርዴ ላይ መያዣ ያዙ። መያዣው የሚመለስ ቢሆንም ወዲያው አይለቀቅም፣ የባንክ ካርድ ከሆነ ደግሞ ቀናት ይወስዳል፣ ስለዚህ ክሬዲት ካርድ ስጡ።

ትልቁ ንዴት የመጣው በፍሪጁ ነው። ክፍሉ ውስጥ ፍሪጅ አለ፣ ግን የሆቴሉ መጠጥና ቸኮሌት የታጨቀበት ነው። ሴንሰር አለው። አንድ ጠርሙስ አንስታችሁ ጥቂት ካቆያችሁ እንደገዛችሁት ይቆጠራል። የራሳችሁን ዕቃ ብታስገቡም የሚያስከፍሉ አሉ። እማዬ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወስዳለች። ባዶ ፍሪጅ እንዲሰጡን ስጠይቅ በቀን ይህን ያህል ነው ብሎ የሪሴፕሽኑ ልጅ ዋጋ ነገረኝ። መድኃኒት ነው አልኩት። የቤቱ ደንብ ነው አለኝ። እማዬ አጠገቤ ቆማለች፣ እንግሊዝኛውን ባትሰማም ክርክር እንደሆነ ገብቷታል፣ "ተይው ልጄ፣ በረዶ ገዝተን እናስቀምጠዋለን" ትለኛለች። ማናጀር ጥሩልኝ አልኩ። ብዙ ከቆምን በኋላ አንዲት ሴት መጣች፣ ሰማችኝ፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ፍሪጁም ያለ ክፍያ ተላከ። እሷን አመሰግናታለሁ። ግን ከመጀመሪያው እዚያ የቆመው ልጅ ይህን እንዲያደርግ ለምን አይፈቀድለትም? ለመድኃኒት ሲሆን በነጻ የሚሰጡ ብዙ ሆቴሎች አሉ። መድኃኒት ያለው ሰው ይዛችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉና ማስያዣችሁ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ።

አሁን ስለ እግር መንገዱ። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። ስትሪፕ የሚባለው ጎዳና ወደ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። (በነገራችን ላይ አብዛኛው ክፍሉ ያለው በላስ ቬጋስ ከተማ አስተዳደር ውስጥ ሳይሆን ፓራዳይዝ በሚባል፣ በክላርክ ካውንቲ ሥር ባለ ቦታ ላይ ነው።) ሕንፃዎቹ እጅግ ትልቅ ስለሆኑ አጠገባችሁ ያለ ይመስላችኋል። "እዚያ ማዶ ነው" ብላችሁ ትነሳላችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ትሄዳላችሁ። በትልልቆቹ መገናኛዎች መንገዱን ዝም ብሎ መሻገር የለም፣ በእግረኛ ድልድይ ነው። ድልድዩ ላይ የሚያወጣው ኤስካሌተር ሲቆም ደግሞ ደረጃ ነው።

ከክፍላችሁ ወጥታችሁ መንገድ ለመድረስም በካሲኖው መሀል ማለፍ ግድ ነው። ሊፍቱ የሚያወርዳችሁ የቁማር ማሽኖቹ መሀል ነው። ሰዓት ግድግዳ ላይ አታዩም። ውጪውን የሚያሳይ መስኮት እምብዛም የለም። መውጫውን የሚያሳይ ምልክት ትከተላላችሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋባችኋል። እና መቀመጫ የለም። ይሄን በደንብ ተመልክቻለሁ። በዚያ ሁሉ ስፋት፣ በዚያ ሁሉ ምንጣፍና እብነ በረድ ውስጥ፣ ደክሞት ለሚያርፍ ሰው የተቀመጠ አግዳሚ ወንበር አጣሁ። ወንበር ያለው ማሽኖቹ ፊት ብቻ ነው። ወይ ቡና ቤት ገብታችሁ ትገዛላችሁ።

እማዬ ጉልበቷን ያማታል። አንድ ከሰዓት እህቴ ልብስ ልትቀይር ወደ ክፍል ስትመለስ እኔና እማዬ ታች ቀረን። አንድ ማንም የማይጫወትበት ማሽን ፊት ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካክላ እግሯን ዘርጋ አደረገች። ዙሪያችን ያሉት ማሽኖች ባዶ ናቸው፣ ሰው ቦታ አጥቶ የቆመ የለም። አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው መጥቶ ትጫወታለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይ፣ ትንሽ ልታርፍ ነው አልኩት። ወንበሩ ለተጫዋቾች ነው፣ ብትነሳልን አለ። በትህትና ነው ያለው፣ አልጮኸም። እንዲህ እንዲል የታዘዘ ሰው እንደሆነ ይታያል። እማዬ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። አፈርኩ። በዕድሜዋ ለማንም ተነሺ ተብላ አታውቅም፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በለቅሶ ቤት፣ በታክሲ ውስጥ ሰው ነው ለሷ የሚነሳላት። ማሽኑ ውስጥ አንድ ዶላር ከትቼ እንድትቀመጥ ማድረግ እችል ነበር። አላደረግኩም። ወደ ሎቢው አዝግመን፣ ውድ የሆነ ካፌ ገብተን፣ ሻይ አዝዘን ተቀመጥን። በዚያ ሆቴል ሪዞርት ፊ ከፍለን እናቴ የምታርፍበት ወንበር አልነበረንም።

ጭሱም ሌላ ነገር ነው። ኔቫዳ ውስጥ በ2006 መራጩ ሕዝብ ባጸደቀው ሕግ በብዙ የሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስ ተከልክሏል፣ የካሲኖ መጫወቻ ቦታ ግን ከክልከላው ውጪ ነው። ሰው ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ያጨሳል። አየር ማጣሪያው ጥሩ ነው ይባላል፣ ግን ልብሳችሁ ይሸታል። ጭስ የማይስማማው ሰው ካላችሁ ፓርክ ኤምጂኤም ከ2020 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ማጨስ የተከለከለበት ሆቴል ነው።

ወደ ቁማሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ "ትንሽ እንሞክር" ማለታችሁ አይቀርም። እህቴም ሞከረች። የመደበችውን ጨርሳ ተነሳች፣ በሱ ቅሬታ የላትም። ግን ጠረጴዛዎቹን ስዞር ያየሁትን ልንገራችሁ። ብላክጃክ በሚባለው የካርታ ጨዋታ ላይ በሁለት ካርታ 21 ያገኘ ሰው ድሮ በ2 ዶላር 3 ዶላር ነው የሚከፈለው። 20 ዶላር ከመደባችሁ 30 ታገኛላችሁ። አሁን አነስ ያለ መደብ ባላቸው ብዙ ጠረጴዛዎች ላይ ክፍያው 6 ለ5 ሆኗል። በ20 ዶላር 24 ነው። ስድስት ዶላር ከእጃችሁ ወጣ ማለት ነው፣ ጠረጴዛው ግን ያው ነው፣ ካርታው ያው ነው፣ ለውጡ በትንንሽ ፊደል ጨርቁ ላይ ተጽፏል። ይህ ብቻውን የቤቱን ጥቅም በ1.4 በመቶ ገደማ ያሳድገዋል። በጥንቃቄ የሚጫወትን ሰው ድሮ ቤቱ የሚበልጠው በግማሽ በመቶ አካባቢ ብቻ ስለነበረ ይሄ ጭማሪ ቀላል አይደለም።

ሩሌት ላይ ደግሞ፣ ቁጥር በተጻፈበት ጎማ ላይ ኳስ የሚሽከረከርበት ጨዋታ ነው፣ ዜሮዎቹን ቁጠሩ። አንድ ዜሮ ባለው ላይ ቤቱ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር በአማካይ 2 ዶላር ከ70 ሳንቲም ያስቀራል። ሁለት ዜሮ ያለው፣ አሜሪካ ውስጥ የተለመደው፣ 5 ዶላር ከ26። በ2016 ቬኔሺያን ሆቴል ሦስተኛ ዜሮ ጨመረበትና ሌሎቹም ተከተሉ፣ እዚያ ላይ 7 ዶላር ከ69 ሳንቲም ይሆናል። ቁጥር ተመቶላችሁ የምታገኙት ግን በሦስቱም ላይ ያው 35 እጥፍ ነው። ሦስት ዜሮ ያለውን የምታገኙት ደግሞ ትንሽ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው የሚቆምበት ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ዜሮ ያለው በትልቅ መደብ ለሚጫወቱት ተቀምጧል። ድሃው በባሰ ዋጋ ይጫወታል። ይሄ ነው ልቤን ያቃጠለኝ። ስሎት ማሽን ላይ ብዙ አልልም፤ በኔቫዳ ደንብ አንድ ማሽን በረጅም ጊዜ ከገባበት ገንዘብ ቢያንስ 75 በመቶውን መመለስ አለበት፣ አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ይመልሳሉ፣ የትኛው ምን ያህል እንደሚመልስ ግን ማሽኑ ላይ አልተጻፈም። ጥሬ ገንዘብ ካስፈለጋችሁ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ካሲኖው ውስጥ ያለው ኤቲኤም የሚቆርጠው ያስደነግጣል።

ይህ ሁሉ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ኔቫዳ ቁማርን ሕጋዊ ያደረገችው በ1931 ነው፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስትሪፕን ያቆመው ቁማሩ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን የስትሪፕ ሆቴሎች ከግማሽ በላይ ገቢ የሚያገኙት ከቁማር ውጪ፣ ከክፍል፣ ከምግብና ከትርዒት ነው። ስለዚህ ክፍሉም ምግቡም ማጥመጃ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ሸቀጥ ሆነ። በ2016 ኤምጂኤም የሚባለው ትልቁ የካሲኖ ኩባንያ በሆቴሎቹ ለፓርኪንግ ማስከፈል ሲጀምር ሰዉ ጮኸ፣ ሌሎቹ ግን አንድ በአንድ ተከተሉት። ርካሽ ቡፌዎቹም ብዙዎቹ በኮሮና ጊዜ ተዘግተው በዚያው ቀሩ።

ምግቡ፦ እኛ የሄድነው በነቢያት ጾም ነበር። እማዬ ትጾማለች፣ እህቴም። ስትሪፕ ላይ የጾም ምግብ የለም አልልም፣ ቪጋን የሚል ብዙ ምናሌ ላይ አለ። ግን አንድ ሰሃን ሰላጣና አንድ ሰሃን ፓስታ ለሦስት ሰው ስንከፍል እህቴ ሒሳቡን ወደ ብር ቀይራ ዝም አለች። ደረሰኙን ስናይ ደግሞ ከታክሱ ውጪ አንዲት ትንሽ መቶኛ የቤት ክፍያ ተጨምራበታለች፣ በምናሌው ላይ ያላየናት። እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ቤቶች አሉ፣ ቲፕ ከመጻፋችሁ በፊት ደረሰኙን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ውሃ ከሆቴሉ አትግዙ። እውነቴን ነው፣ ከሱፐርማርኬት አንድ ካርቶን ገዝታችሁ ክፍል አስገቡ።

በነጻ የሚታየውም እየቀነሰ ነው። ሚራዥ ሆቴል ፊት ለፊት በየምሽቱ እሳት የሚተፋው ሰው ሠራሽ እሳተ ገሞራ ከ1989 ጀምሮ የነበረ ነው፣ ሆቴሉ በጁላይ 2024 ሲዘጋ አብሮ ጠፋ። ትሮፒካና ከ1957 ጀምሮ የቆየ ነበር፣ በኦክቶበር 2024 በፈንጂ ፈረሰ፣ በቦታው የቤዝቦል ስታዲየም እየተሠራ ነው። የቤላጂዮ ሆቴል የሚደንሰው ውሃ ግን አለ። ሆቴሉ በ1998 ሲከፈት ጀምሮ ያለ፣ እስካሁን ማንም የማይከፍልበት። እህቴ አጥሩን ይዛ ቆማ ደጋግማ አየችው፣ አላሳፈራትም። ስፊር የሚባለው ትልቁ ክብ ሕንፃም በውጪው በነጻ ይታያል፣ ሌሊት ሲበራ እውነትም ያምራል። ቬጋስ የምትታወቅበት ያ የ1959ኙ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ምልክትም ነጻ ነው፣ ፎቶ ለመነሳት ወረፋ ብትይዙም።

ሰው ያየን፣ እንግዳ የሆንነው፣ ከስትሪፕ ስንወጣ ነው። ታክሲ ስንይዝ ሹፌሩ የኛ ልጅ ሆነ። ቬጋስ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሐበሻ አለ፤ በታክሲ፣ በሆቴል፣ በፓርኪንግ፣ በጽዳት፣ በራሱ ንግድ። ሹፌሩ እማዬን ሲያይ ወርዶ በር ከፈተላት፣ "እማማ ቀስ ይበሉ" እያለ ክንዷን ደገፋት። መንገድ ላይ ሥራው እንዴት ነው ልጄ አለችው። "እግዚአብሔር ይመስገን እማማ፣ ዘንድሮ ግን ቀዝቅዟል" አለ። ልክ ነው። በ2024 ወደ 41.7 ሚሊዮን ጎብኚ ነበር የመጣው፣ በ2025 ግን ቁጥሩ ወርዷል፣ በጁን ወር ብቻ ከዓመት በፊቱ በ11 በመቶ ያህል ቀንሶ ነበር። የካናዳ ሰው ቀረ፣ ዋጋው ሰዉን አስከፋው ይላል እሱ። በዚያ ላይ ያለ ሹፌር የሚሄዱት የዙክስ መኪኖች ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ስትሪፕ አካባቢ ሰው እየጫኑ ነው። እኔ ሆቴሎቹን ስወቅስ ይሄንን አስባለሁ፦ ሰው ተከፍቶ ሲቀር መጀመሪያ የሚጎዳው ቲፕ የሚጠብቀው የኛ ወንድም ነው፣ ክፍል የምታጸዳው የኛ እህት ናት። ለነሱ ቲፕ አትቁረጡባቸው፣ ሪዞርት ፊው ቲፕ አይደለም።

ሹፌሩ የወሰደን ዲኬተርና ትሮፒካና መንገድ አካባቢ ነው። ያ ሰፈር በ2023 በክላርክ ካውንቲ ውሳኔ "ሊትል ኢትዮጵያ" ተብሎ ተሰይሟል። በያይነቱ በላን፣ ሽሮው በሸክላ እየተንተከተከ መጣ፣ ጀበና ቀረበ። እማዬ ሦስተኛውን ጠጥታ ነው የተነሳችው። ለሦስታችን የከፈልነው ስትሪፕ ላይ አንድ ሰው ከሚበላው ብዙም አይበልጥም። የቤቱ ባለቤት እማዬ ከየት አገር እንደሆነች ጠይቃ፣ የሚያውቁትን ሰው አገናኝታ፣ ሳንሄድ ድፎ ቆርሳ ጠቀለለችልን።

በማግሥቱ መኪና ተከራይተን ሁቨር ግድብ ሄድን። ከቬጋስ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። መኪና ለማቆም ይከፈላል፣ ግድቡ ላይ መራመድ ግን ነጻ ነው። እዚያ መቀመጫም አለ፣ ጥላም አለ። ቁመቱ 221 ሜትር ነው፣ ወደ ታች ሲያዩት ያዞራል። እህቴ ወዲያው ስልኳን አውጥታ ከሕዳሴው ጋር ማነጻጸር ጀመረች። የኛው በቁመት 145 ሜትር ቢሆንም ርዝመቱ 1.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ የሁቨር 379 ሜትር ብቻ ነው። በኃይል ደግሞ የኛው 5,150 ሜጋ ዋት፣ የሁቨር ወደ 2,080። እማዬ ይሄን ስትሰማ ቀና ብላ ሄደች። በግድቡ የቦንድ ገዢ ናት፣ ከጡረታዋ ቆርጣ። ከግድቡ በስተ ኋላ ያለው ሌክ ሚድ የሚባለው ሐይቅ ዙሪያውን ዓለቱ ነጭ ቀለበት ይዟል፣ ውሃው ድሮ እዚያ ድረስ ይሞላ እንደነበር ያሳያል። ለረጅም ሰዓት የቆየነው እዚያ ነው። ሬድ ሮክ ካንየንም ቅርብ ነው፣ ከስትሪፕ ወደ ምዕራብ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ቀዩን ድንጋይ በመኪና እየዞራችሁ ታያላችሁ፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው እንኳን ይሆናል። ከኦክቶበር እስከ ሜይ ባለው ጊዜ የመግቢያ ሰዓት ቀድማችሁ በኢንተርኔት መያዝ አለባችሁ።

እንግዲህ መሄዳችሁ ካልቀረ፣ ሪዞርት ፊ የማያስከፍል ሆቴል ከስትሪፕ ወጣ ብሎ አለ፣ እሱን ፈልጉና ወደ ስትሪፕ ለማየት ብቻ ግቡ። ዘመድ ካላችሁ ዘመድ ቤት እደሩ። ቀኑን ከማስያዛችሁ በፊት ከተማው ውስጥ ምን እንዳለ ተመልከቱ፦ በጃንዋሪ ትልቁ የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን፣ ከ2023 ጀምሮ በኖቬምበር የፎርሙላ 1 ውድድር፣ እኛ በሄድንበት በደሴምበር ደግሞ የብሔራዊ ሮዲዮ (የፈረስና የበሬ ግልቢያ ውድድር) ፍጻሜ አለ፤ በእነዚህ ቀናት የክፍል ዋጋ ይሰቀላል። በአሜሪካ በጋ፣ ከጁን እስከ ኦገስት፣ ትልልቅ ሰው አትውሰዱ። በጁላይ 2024 ሙቀቱ 48.9 ዲግሪ ደርሶ ነበር፣ ያ በከተማው ታሪክ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነው።

ሆቴሉን ስትለቁም የመጨረሻውን ሒሳብ በወረቀት ጠይቁ። በቴሌቪዥኑ ወይም በስልክ "ቼክ አውት አድርጉና ሂዱ" ይላሉ፣ አትሂዱ። እኛ ሒሳብ ላይ ከዚያ ሴንሰር ካለው ፍሪጅ የተወሰደ አንድ መጠጥ ተጽፎ ነበር። ማንም አልነካውም። የክፍል ጽዳት የምትሠራዋ ልጅ ስታጸዳ ተነቃንቆ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፣ በሷ አልፈርድም። ሪሴፕሽን ሄጄ ተናገርኩ፣ እዚያ ያለችው ልጅ ሳትከራከር ሰረዘችው፣ ብዙ ጊዜ እንደሚያጋጥማቸው ከፊቷ ይታያል። ያን ወረቀት ሳላይ ብወጣ ኖሮ ከካርዴ ተቆርጦ ቨርጂኒያ ከገባሁ በኋላ ነበር የማየው። ከወጣችሁ በኋላ ያልተጠቀማችሁበት ነገር ከተቆረጠባችሁም ዝም አትበሉ። መጀመሪያ ለሆቴሉ በኢሜይል ጻፉ፣ ካልመለሱ ለካርድ ድርጅታችሁ ደውላችሁ ክፍያውን ተከራከሩበት።